ቋንቋውን መስራቱ ቀላል ነበር፤ ማስተዋወቁ ነው የበላኝ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተርና ስልክ የምጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ማታ ማታ ሌላ ሥራ ይዣለሁ። በአማርኛ የሚታዘዝ ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ፣ ማለትም ኮምፒውተርን በጽሑፍ የምናዝበት ቋንቋ፣ እሰራለሁ። ስሙ ኩርማን ነው። ሙሉ እንጀራ ነኝ አይልም፤ ለመጀመሪያ ጉርሻ ግን ይበቃል።

ይህን የምጽፈው ኩርማንን ለማሻሻጥ አይደለም። ሰሞኑን «እኔም የራሴን ቋንቋ ልሰራ ነው» የሚሉ ልጆች ወደ ሱቄ ይመጣሉ። ዓይናቸው ላይ የኔን የ2012ቱን እሳት አያለሁ። ደስ ይለኛል፤ ትንሽም እፈራላቸዋለሁ። ለእያንዳንዳቸው ቡና እየጋበዝኩ ከምደግመው አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው። የተሰበረ ስክሪን ሊያስቀይር መጥቶ ላፕቶፔ ላይ ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ኮድ አየ። «ጋሼ፣ ምን እያልከው ነው?» አለኝ። መስመር በመስመር ነገርኩት። ሒሳቡ ወዲያው ገባው። ያስቸገረው ቃሉ ነው። «ዋይል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ትእዛዝ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ያዘው፤ ትርጉሙ ግን በየመስመሩ ይጠፋዋል። ልጁን ያደከመው ማሰቡ ሳይሆን መተርጎሙ ነው አልኩ በልቤ።

ፓይተንን የፈጠረው ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ሥራውን የጀመረው በ1989 እ.ኤ.አ. በገና እረፍቱ ነው። ለሕዝብ የለቀቀው በ1991 ነው። ይህን ሳነብ «በገና እረፍት ከተጀመረ እኔ በሁለት ጾም እጨርሰዋለሁ» አልኩ። ጥጋቤን ተመልከቱልኝ። ሰውዬው ከዚያ በፊት ኤቢሲ በሚባል ሌላ ቋንቋ ላይ ሲሰራ እንደነበር ያነበብኩት ዘግይቼ ነው።

ሲ በሚባል ነባር የፕሮግራም ቋንቋ የራሴን ከዜሮ መጻፍ ጀመርኩ። 14 ወር ፈጀብኝ። በነዚያ 14 ወራት ከኔ ሌላ አንድም ሰው አንዲት መስመር አልጻፈበትም። «ሳይበስል አይቀርብም» እያልኩ ደበቅሁት። ስሙን ግን ቶሎ አወጣሁ፤ ያኔ ኩርማን ሳይሆን ፋሲል አልኩት። ገንዘብ ከፍዬ የግንብ ሥዕል ያለበት አርማ አሰራሁለት። ጎንደር ውስጥ ፋሲል የሚባል ነገር ስንት እንዳለ ታውቃላችሁ። በኋላ አንድ ተማሪ ስለ ቋንቋው ኢንተርኔት ላይ ሊፈልግ ገብቶ የፋሲል ከነማን የጨዋታ ውጤት ይዞልኝ መጣ። ስም ከማውጣታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ፈልጉት። አርማ የሚባለውን ነገር ጭራሽ እርሱት።

ለማያውቅ ሰው፣ የፕሮግራም ቋንቋ ሆዱ ውስጥ ያለው ሦስት ነገር ነው። አንዱ የጻፋችሁትን ቃል በቃል ይለቅማል። ሁለተኛው የተለቀሙትን ቃላት አገባብ አይቶ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ያደራጃል። ሦስተኛው የተደራጀውን እየተከተለ ይፈጽማል። ታጋሽ የሆነ ሰው ይማረዋል። የኔ ጣጣ እዚህ ላይ አልነበረም።

አጎቴ መሪጌታ ናቸው። ቤታቸው ደብረ ብርሃን ሥላሴ አጠገብ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እኔም ጭምር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ላፕቶፔን ከፍቼ በኩራት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ይህን አነበቡ፦

ከሆነ (ዋጋ > 40) {
    አሳይ("ውድ ነው")
}

«ምን ከሆነ?» አሉኝ።

«ዋጋው ከ40 ከበለጠ ማለት ነው፣ የኔታ።»

«እሱማ ኋላ መጣ። አንተ በ‹ከሆነ› ጀመርህ። ምኑ ሳይነገር ከሆነ ይባላል?»

ዝም አልኩ።

«ቃሉ አማርኛ ነው ልጄ፤ አገባቡ የሌላ ሰው ነው። ግስ በኛ ቤት ማሰሪያ ነው። ነዶው ሳይሰበሰብ ምን ልታስር ነው?»

የዚያን ቀን ተናድጄ ወጣሁ። ኮምፒውተር አያውቁም፣ ምን አገባቸው አልኩ። ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። በአራተኛው ቀን የ14 ወሩን ሥራ ግማሹን ጣልኩት። አሁን ያው ነገር እንዲህ ይጻፋል፦

ዋጋ = 45
ዋጋ ከ 40 ቢበልጥ፦
    "ውድ ነው" ጻፍ
አለዚያ፦
    "ይግዙ" ጻፍ

ግሱ መጨረሻ ላይ ነው፤ ጻፍ፣ ጨምር፣ መልስ፣ ቢበልጥ። የፈራሁት ማሽኑ እስከ መስመሩ መጨረሻ ምን እንደታዘዘ ሳያውቅ ይደናገራል ብዬ ነበር። ገለበጥኩት። እያንዳንዱን መስመር ሲይዝ መጀመሪያ የመጨረሻውን ቃል ይመልከት አልኩ። ግሱ ከታወቀ የቀረው ሁሉ የግሱ ቀለብ ነው። ኮዴ እንዲያውም አጠረ።

ያልጠረጠርኩት ጣጣ «ከ» ላይ መጣ። አማርኛ «ከ»ን ከስሙ ጋር ይለጥፈዋል፤ ከዋጋ፣ ከ40። ስለዚህ ማሽኑ ቃል መነሻ ላይ «ከ» ሲያይ እንዲቆርጥ አደረግሁ። ውሎ ሲያድር አንድ ልጅ «ከተማ» የሚል ስም ሲጠቀም ማሽኑ «ተማ የሚባል ነገር አላውቅም» አለው። ከበሮም ከረሜላም በዚሁ ተቆረጡ። አሁን ኩርማን ውስጥ «ከ» ብቻውን ይቆማል፤ ግራና ቀኙ ክፍት ነው። የኔታ ይህን አልወደዱትም። ሁሉንም ማስደሰት አይቻልም።

እንግዲህ ትልቁ ቅሌት። በ2014 ዓ.ም. ለሕዝብ ላስተዋውቀው ወሰንኩ። አዘዞ አካባቢ አንድ የስልጠና አዳራሽ ለግማሽ ቀን ተከራየሁ። 40 የሚሆኑ ወጣቶች መጡ። ሳያቸው እግሬ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ 50 ደቂቃ ለብቻዬ አወራሁ። ማሽኑ የማይፈልገውን ዳታ እንዴት ከሚሞሪ እንደሚያጸዳ፣ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ወደፊት ዕቅዴ። ከሲ ጋር ያወዳደርኩበት ግራፍ ሁሉ ነበረኝ። እስከዚያ ድረስ አንድም ልጅ አንድ መስመር አልጻፈም።

ኮምፒውተሮቹ 14 ነበሩ። ኩርማንን ልንጭን ስንል ጸረ ቫይረሱ እንደ ቫይረስ ቆጥሮ አጠፋው። ጸረ ቫይረሱን አጥፍተን በፍላሽ ደግመን ስንሞክር መብራት ሄደ። ጄኔሬተር የለም። በዚያ ጨለማ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ጋሼ፣ በዚህ ምን መስራት ይቻላል?» አለኝ።

«ሁለገብ ነው፤ ሁሉንም ነገር» አልኩት።

«አንዱን ንገረና።»

አንዱን መናገር አቃተኝ። አዳራሹ ሳቀ፤ ልጆቹ ሙድ ያዙብኝ። ልክ ነበሩ።

ሁለገብ ማለት ለአንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ያልተሰራ፣ ሒሳቡንም ጽሑፉንም ፋይሉንም የሚችል ቋንቋ ማለት ነው። ቃሉ እውነት ነው፤ ለሰሚው ግን ባዶ ነው። እናቴ ሁለገብ ቢላ ገዝታ አታውቅም። ሽንኩርት የሚከትፍላትን ነው የምትገዛው። እናንተም ሰው ፊት ከመቆማችሁ በፊት አንድ ሽንኩርት ይዛችሁ ግቡ። ሰዉ በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች በገዛ እጁ አንድ ነገር ይስራ። ስማችሁን እንኳ በኋላ ንገሩት።

በሳምንቱ ለሁለተኛው ክፍል የመጡት ሦስት ናቸው። አንዱ የረሳውን ጃኬት ሊወስድ ነበር የመጣው። ከ40ዎቹ የቀሩት ላሽ አሉ።

ጃኬቱን የረሳው ልጅም ቁጭ ብሎ ቀረ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አዳራሹን ትቼ ሦስቱን ወደ ሱቄ አመጣኋቸው። ከመካከላቸው አንዷ ያኔ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ኩርማንን ከኔ በላይ የሰራችው እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። የምትሰራው ደግሞ በመሳሳት ነው።

አንድ ቀን 40 ደቂቃ አንድ ስህተት ላይ ተተከለች። ማሽኑ «መስመር 9፦ ስም የሚባል ነገር አላውቅም» ይላታል። መስመር 2 ላይ አለ፤ በዓይኗ ታየዋለች። እኔም ሄጄ አየሁ፤ አለ። ቆይቶ ነው የበራልኝ። መስመር 2 ላይ «ሥም»፣ መስመር 9 ላይ «ስም» ብላ ጽፋለች። ለጆሯችን አንድ ነው። ለማሽኑ ግን ሠ እና ሰ እንደ ሀ እና በ የተለያዩ ናቸው። እኔም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሳላቀላቅል አልቀረሁም።

ማስተካከሉ አላስቸገረም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትም ነው፤ ገበታው በ8 በ8 ረድፍ ተደርድሯል። ሠ ከሰ በ16 ቦታ ይርቃል፤ ሐ ከሀ እንዲሁ በ16፤ ፀ ከጸ በ8፤ ዐ ከአ በ48። ከነሰባት ቤታቸው በአንድ መደመር ወይም መቀነስ ይገጥማሉ። ማታውኑ ሰራሁትና ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ደስታዬ እስከ የኔታ ቤት ነበር። የጸሎት ጽሑፍ እንዲያሳይላቸው «ሰአሊ ለነ» የሚለውንና «ሠዓሊ» የሚለውን በጥቅስ ውስጥ አስጻፉኝ። ስክሪኑ ላይ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሰ ወጡ። በግዕዙ አንዱ ለምኝልን ነው፣ ሌላው ሥዕል የሚሥል ነው። «እመቤታችንን ቀለም ልታስይዛት ነው?» አሉኝ። ስህተቴ ፋይሉን በሙሉ አንድ ማድረጌ ነበር። ማሽኑ የሚያመሳስለው ለነገሮች የምንሰጣቸውን ስሞች ብቻ መሆን አለበት። በጥቅስ ውስጥ ያለው የሰው ንብረት ነው፤ አንድ ፊደሉን አትንኩ። ዓለሙ ስሙን በዐይኑ ዓ ከጻፈ በዐይኑ ይውጣለት።

ከዚህችው ልጅ የተማርኩት ሌላው ነገር የስህተት መልእክት ነው። ኩርማን ስህተት ሲያገኝ «ያልተጠበቀ ምልክት» ይል ነበር። «ማን ነው የጠበቀው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አንዱን መልእክት ደግሞ «ጥቅሱን ከፍተህ አልዘጋህም» ብዬ ጽፌዋለሁ። «ለምንድን ነው ሁሌ ወንድ የሚያደርገኝ?» አለች። እንግሊዝኛ ላይ ይህ ችግር የለም፤ አማርኛ ግን ሳይጠይቅ ጾታ ይለጥፋል። አንድ ሳምንት ሙሉ መልእክቶቹን ሁሉ ደግሜ ጻፍኩ፦ «መስመር 4፦ ጥቅሱ ተከፍቷል፤ አልተዘጋም»። ማንም አልተነካም፣ ሁሉም ገባው።

መልእክቱ ሥር አንዲት ቀስት ነበረች፤ ስህተቱ ያለበትን ፊደል የምትጠቁም። ሁልጊዜ ከቦታዋ አልፋ ባዶ ሜዳ ላይ ትቆማለች። ጽሑፍ ኮምፒውተር ውስጥ በሚቀመጥበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አሠራር አንድ የኛ ፊደል 3 ባይት፣ ማለትም 3 የማስቀመጫ ቦታ፣ ይይዛል፤ የሲ ኮዴ ደግሞ ፊደል ሳይሆን ባይት ይቆጥር ነበር። መስመሩ በኛ ፊደል ከተጻፈ 5ኛዋ ፊደል ላይ ያለውን ስህተት 13ኛ ቦታ ላይ ያሳያል። ልጆቹ «ቀስቷ ሰክራለች» ይሉ ነበር።

ከናንተ መካከል ቋንቋ የሚሰራ ካለ ከምንም በፊት መልእክቶቹ ላይ ጊዜ አጥፉ። ጀማሪ ከቋንቋው ጋር የሚያወራው ሲሳሳት ነው። ሲሳካለትማ ማሽኑ ዝም ነው የሚለው።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ወራት ቆየ። ሱቄም እንደሁሉ ሱቅ ቀዘቀዘች። ስለዚያ ጊዜ ብዙ መናገር ይቻላል፤ እዚህ ቦታው አይደለም። ኩርማንን በሚመለከት ግን አስገድዶ ቁም ነገር አስተማረኝ። ልጆቹ ቤታቸው ኮምፒውተር የላቸውም፤ ስልክ አላቸው። ማውረጃ ኢንተርኔት የለም። ታዲያ ማንን ነው የማስተምረው?

የሲውን ኮድ በሙሉ ተውኩት። ብሮውዘር በሚያውቀው ቋንቋ በጃቫስክሪፕት እንደ አዲስ ጻፍኩትና አንድ ነጠላ ፋይል አደረግሁት። መጫን የለም፣ ጸረ ቫይረስ የለም። በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል፤ ብሮውዘር ላይ ሲነካ ይከፈታል፣ ያለ ኢንተርኔት ይሰራል። 14 ወር የፈጀው ነገር በ5 ሳምንት አለቀ። ፍጥነቱ ከበፊቱ ያነሰ ነው፤ አንድም ሰው አላማረረም። ያ ግራፌ ትዝ ሲለኝ አሁንም ፊቴ ይቀላል። የሰከረችው ቀስትም ተፈወሰች፤ ጃቫስክሪፕት የኛን ፊደል እንደ አንድ ነው የሚቆጥረው።

ስልክ ላይ ሲሄድ ግን ሌላ ጉድ ወጣ። ልጆቹ አራት ነጥብን በሁለት ኮለን ይሰሩታል። የስልኩ ኪቦርድ ጥቅሱን በራሱ ጊዜ ያጣምመዋል። አንዱ የእንግሊዝኛ ኮማ፣ ሌላው የአማርኛ ነጠላ ሰረዝ ይጽፋል። በፊት ብሆን «በትክክል ጻፉ» ብዬ እቆጣ ነበር። አሁን ሁሉንም ተቀበልኩ። ሰው ጣቱ የለመደውን ይጽፋል፤ ማሽኑ ነው መልመድ ያለበት።

ሽንኩርቱን ያገኘሁት በዚህ ጊዜ ነው። ጃኬቱን የረሳው ልጅ እናቱ አራዳ ሱቅ አላቸው። የዱቤ መዝገባቸው ዳሩ የተበላ ደብተር ነው፤ ማን ምን ያህል እንዳለበት ለመደመር አንድ ማታ ይፈጅባቸዋል። ልጁ በኩርማን 30 መስመር የማትሞላ ፕሮግራም ጻፈላቸው። ስም፣ ዕቃ፣ መጠን፣ ዋጋ፣ ቀን። እኔ አልረዳሁትም፤ ቆሜ አየሁ እንጂ።

በማግስቱ እትዬ ስልኩን ይዘው ሱቄ መጡ። በርበሬ አንድ ጊዜ 0.1 ኪሎ፣ ሌላ ጊዜ 0.2 ኪሎ ለአንዲት ደንበኛ ሰጥተዋል። ድምሩ 0.30000000000000004 ይላል።

«ይህ ሁሉ ዜሮ ምንድን ነው? መጨረሻ ላይ ያለችው 4ስ የማን ናት?»

የኮምፒውተር ጠባይ ነው። 0.1ን በሁለት ቤት ቁጥር፣ በ0 እና በ1 ብቻ፣ ልክ አድርጎ መያዝ አይችልም፤ ሲሶን በአስር ቤት ልክ አድርገን መጻፍ እንደማንችለው ሁሉ። ፓይተንም ጃቫስክሪፕትም ይህንኑ ነው የሚመልሱት። ለእትዬ ይህን ላስረዳ ጀመርኩና አፈርኩ። ባለሱቅ የሚፈልገው 0.3 ነው። ኩርማን ነጥብ ያለውን ቁጥር እንደ ሙሉ ቁጥር ይዞ ነጥቡን ለብቻው እንዲያስታውስ አደረግሁት። ትንሽ ይዘገያል። ይዘግይ። እናንተም የገንዘብና የሚዛን ሥራ ካላችሁ በማንኛውም ቋንቋ ብሩን በሳንቲም፣ ኪሎውን በግራም አድርጋችሁ ደምሩ።

ጳጉሜን ላይ ደግሞ ሁለተኛ አፈርኩ። የወር ማጠቃለያው ከ1 እስከ 12 ነበር የሚቆጥረው። ያን ክፍል በኋላ የጨመርኩት እኔ ነኝ። የ13 ወር ጸጋ አገር ልጅ ሆኜ 13ኛውን ወር ረሳሁት። በጳጉሜን የተወሰደ ዱቤ ከዝርዝሩ ጠፋ። ደንበኞቹ ቢያውቁ ኖሮ ሰልፍ ይወጡልኝ ነበር። እትዬ ግን ደብተሩን አልጣሉትም ነበርና ያዙኝ። ብልህ ሰው ናቸው፤ አሁንም ሁለቱንም ነው የሚጠቀሙት።

አንድ በደል ልናዘዝ። አንድ ማታ «አሳይ» ከሚለው ቃል ይልቅ «ጻፍ» ያምራል ብዬ ቀየርኩና አዲሱን ፋይል ለሁሉም አደልኩ። በማግስቱ የእትዬ ፕሮግራም አልከፈት አለ። የልጆቹም 11 ፕሮግራሞች ሞቱ። ያቺ የ10ኛ ክፍል ልጅ ሁለት ሳምንት አልመጣችም። «ነገ ደግሞ ምን ትቀይራለህ?» ነው ያለችኝ ስትመለስ። አሁን የቀድሞው ቃል ሁሉ ይሰራል፤ «አዲሱ ቃል ይህ ነው» የሚል ማስታወሻ ብቻ ይወጣል። ቋንቋችሁን አንድ ሰው እንኳ ከተጠቀመበት የብቻችሁ መሆኑ ቀርቷል።

«በአማርኛ መሆኑ ምን ይጠቅማል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው ደካማ አይደለም። ጃፓናዊው ዩኪሂሮ ማትሱሞቶ ሩቢን ሲሰራ ቁልፍ ቃላቱን በእንግሊዝኛ ነው ያደረገው። በ1993 ብራዚል ውስጥ የተወለደው ሉዋ ስሙ ብቻ ፖርቱጋልኛ ነው፤ ጨረቃ ማለት ነው። ሁለቱም ዓለምን የዞሩት በእንግሊዝኛ ቃል ነው። በሌላ በኩል በ2020 ሆላንድ ውስጥ የወጣው ሄዲ የተባለው የማስተማሪያ ቋንቋ ልጆች ቁልፍ ቃላቱን በየአገራቸው ቋንቋ እንዲጽፉ ያደርጋል። ለትናንሽ ልጆች ደግሞ ስክራች የተባለው የማስተማሪያ ቋንቋ በአማርኛ አለ። ከመጀመሬ በፊት እነዚህን ባይ ኖሮ ከስህተቶቼ ግማሹ ይቀር ነበር።

የአንዱ ልጅ አባት ሱቄ ድረስ መጥተው «ይህ ነገር ልጄን ያስቀጥረዋል?» ብለው ጠየቁኝ። በ2014 ቢሆን ንግግር አደርግላቸው ነበር። «አያስቀጥረውም፣ አባባ። ሁለት ወር እዚህ ይቆያል፤ ከዚያ ወደ ፓይተን ይሄዳል» አልኳቸው። ፊታቸው ፈታ አለ። ልጁን የተዉልኝ እውነቱን ስለነገርኳቸው ይመስለኛል። ልጆቹ ፓይተን ሲገቡ የሚሆነው ደግሞ ደስ ይላል። መደጋገምና መወሰን ምን እንደሆነ አውቀው ስለሚሄዱ አዲስ የሚሆንባቸው ቃሉ ብቻ ነው። ፓይተን 3 የአማርኛ ስም ስለሚቀበል «ዋጋ = 45» ብለው ይጀምራሉ፤ ይሰራላቸዋል።

የኔታ ባለፈው ጾም ራሳቸው አስጠሩኝ። ባሕረ ሐሳቡን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ በዚህ ማሽን ማውጣት ይቻላል ወይ ነው ጥያቄው። እሳቸው ቃል ይላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አገባቡ የራሳቸው ስለሆነ የምተረጉመው ነገር አልነበረም፦

ዓለም = 5500 + ዘመን
መደብ = ዓለም ለ 19 ቀሪ
ወንበር = መደብ - 1
አበቅቴ = ወንበር * 11 ለ 30 ቀሪ
መጥቅዕ = ወንበር * 19 ለ 30 ቀሪ
አበቅቴ ጻፍ
መጥቅዕ ጻፍ

«ቀሪ» ተካፍሎ የሚተርፈው ነው፤ አበቅቴና መጥቅዕ ደግሞ ስሌቱ የሚፈልጋቸው ሁለት ቁጥሮች ናቸው። 2016ን ጠየቅነው። አበቅቴ 20፣ መጥቅዕ 10። ራሳቸውን ነቀነቁ። 2017ን ጠየቅነው፤ 1 እና 29። «ሁለቱ ሁልጊዜ 30 ይሞላሉ» አሉ። ወረቀት አልያዙም፣ ጣታቸውንም አላጠፉም። እኔ ልዘጋ ስል «ቆይ፣ 2005ን ንገራት» አሉ።

ስክሪኑ ላይ አበቅቴ -11 ወጣ።

«ከዜሮ በታች አበቅቴ ሰምተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። ፊታቸው ላይ የሆነ ሳቅ አለ። 2005 ላይ 5500 ሲጨመር 7505 ነው፤ ለ19 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። ከዜሮ አንድ ሲቀነስ ማሽኑ -1 ይዞ ሄደ። እሳቸው ከልጅነታቸው የሚያውቁት ቀሪው ባዶ ሲሆን ወንበሩ 18 እንደሚሆን ነው። ሆን ብለው ነው ያን ዓመት የመረጡት፤ ሳይነግሩኝ ፈተኑኝ። አንዲት መስመር ጨመርን፦

መደብ 0 ቢሆን፦
    ወንበር = 18

አበቅቴ 18፣ መጥቅዕ 12።

«በል እንግዲህ 2024ን ጠይቃት» አሉ። 7524፤ እሱም ለ19 እኩል ይካፈላል። ጻፍኩ። እኔ ስክሪኑን፣ እሳቸው እኔን እያዩ ጠበቅን። 18 አለ።

ወደ ጓዳው ዞረው «ቡናውን አምጡለት» አሉ።